ከማንኪራ የተላከች ሦስት ቁጥር

እትዬ አሰለፈች ለሦስት ቀን ሥልጠና ቦንጋ ሲጠሩ ጎረቤቶቻቸው ስለ ወባ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሰላማዊ ሰዎችን ከጅምላ ጭፍጨፋ ለመጠበቅ በየቀበሌው አንድ ታዛቢ ይመርጥ ነበር። የማንኪራው ሊቀመንበር ፈለቀ “ከእሳቸው የሚያመልጥ ወሬ የለም” ብሎ ስማቸውን ሰጠ። እውነቱን ነው፤ የማን ዶሮ የማን ጓሮ እንደገባች ሳይቀር ያውቃሉ።

የተማሩት ባጭሩ ይህ ነው። ክፉ ወሬ ሲነዛ አንድ፣ የታጠቁ እንግዶች ሲታዩ ሁለት፣ ሰው ያለበትን ጥሎ ሲሸሽ ሦስት ብሎ በስልክ መላክ።

“ለምን እንደሸሸ እስክታጣሩ አትጠብቁ” አላቸው አሠልጣኙ ሳምሶን። “ማጣራት የእኛ ሥራ ነው።”

በአራት ወር ውስጥ እትዬ አሰለፈች አንድ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ላኩ። ሁለቱም ስለ ጎረቤታቸው ስለ ሰሎሜ እጮኛ የተወራ ሐሜት ስለነበር ሳምሶን አመስግኖ ተወው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ሰው ስለ መንገድ ጥገና ለመነጋገር ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ዛፉ ላይ የንብ አናቢው የጋሽ ገሠሠ ቀፎ ተሰቅሏል። ፈለቀ ስለ ድንጋይ አቅርቦት እያብራራ ሳለ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ቀፎው ከነንቦቹ መሀላቸው ዱብ አለ።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ ግማሹ ጫካ። እትዬ አሰለፈች ከዛፉ አጠገብ ባለው ወንዝ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው፣ ስልካቸውን ከውሃው በላይ ይዘው፣ ሦስት ብለው ላኩ። አራት ሰዓት ነበር።

ሳምሶን ወዲያው ደወለ። “እትዬ፣ ስንት ሰው ነው የሸሸው?”

“ስብሰባው በሙሉ። መቶ ሃያ እንሆናለን።”

“በምን ምክንያት?”

“በንብ…” ኔትወርኩ ተቆረጠና ተመለሰ።

“በንብረት” ብሎ ጻፈ ሳምሶን። “የማን?”

“የጋሽ ገሠሠ ነዋ። ቤታቸው ሲፈርስባቸው ተቆጥተው ወጡ።”

“አጥቂዎቹ ስንት ይሆናሉ?”

“ማን ይቆጥራቸዋል? በሺህ ነው።”

ሳምሶን “በሺህ” ብሎ ጻፈ። “መሣሪያ ይዘዋል?”

ጥያቄው ለእትዬ አሰለፈች የሞኝ ጥያቄ መሰላቸው። ሆኖም ቅጹ ላይ እንዳለ ስለሚያውቁ በአግባቡ መለሱ። “የሚወጋበትን ያልያዘ የለም።”

“መሪ አላቸው?”

“መሪያቸው ሴት ናት። እሷ ግን እስካሁን አልወጣችም።”

ቀጥሎ ስልኩ ውሃ ገባበት።

ሳምሶን ለቦንጋው ቢሮ ኃላፊ ለክላራ ነገራት። ክላራ ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ባሕር ማዶ ላለው ዋና ቢሮ አሳወቀ። አምስት ሰዓት ላይ ዋናው ቢሮ ሁለቱም ወገኖች ኃይል ከመጠቀም እንዲቆጠቡ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። ክላራ ሃያ ዓመት በሽምግልና የሠራች ሴት ስለሆነች የመሪዋ ነገር ተስፋ ሰጣት። “ሴት ከሆነች እንነጋገራለን” አለች። ብርድ ልብስ፣ ድንኳንና የድምፅ ማጉያ በሁለት ነጭ መኪናዎች ተጭኖ ጉዞ ተጀመረ።

መኪና የሚሄድበት መንገድ ሲያልቅ የቀረውን በእግራቸው ሄዱ። ዛፉ ሥር ማንም የለም። የተገለበጡ ወንበሮች፣ የወደቀ ጃንጥላ፣ አንድ ጫማ። ክላራ ፊቷ ገረጣ። ድምፅ ማጉያውን አነሳችና “የመጣነው በሰላም ነው” አለች።

ሳምሶን ተርጉሞ ሳይጨርስ የመጀመሪያዋ ንብ አፍንጫው ላይ አረፈች።

ሁለቱም ከነሰማያዊ ሰደርያቸው ወንዙ ውስጥ ሲወድቁ እትዬ አሰለፈች እዚያው ነበሩ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

“አጥቂዎቹ የታሉ?” አለ ሳምሶን እያለከለከ።

“አንዷ አንገትህ ላይ አለች።”

“ንብ ናቸው እንዴ?”

“ታዲያ ምን ብዬህ ነበር?”

ክላራ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ሳምሶን ነገሩን ሲያስረዳት በቀረው ዓይኗ ረጅም ጊዜ አየችው። ክላራ ልትቆጣው መሆኑ ለእትዬ አሰለፈች ገባቸውና ቀደም አሉ።

“ተርጉምልኝ” አሉት። “የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እዚህ ሳልመጣ፣ የነበርኩበት ሰፈር ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። የተረፍነው ትምህርት ቤት ግቢ ተቀምጠን አራት ቀን መንገድ መንገዱን አየን። ማንም አልመጣም። ዛሬ በአራት ሰዓት ላክሁ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደረሳችሁ። ደረሳችሁ በላት።”

ሳምሶን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት፤ ከንፈሩም አብጦ ነበር። ክላራ ውሃው ውስጥ እጇን ዘርግታ የእትዬ አሰለፈችን እጅ ያዘች፤ ጋሽ ገሠሠ ጭስ ይዘው እስኪመጡ ድረስም አልለቀቀችም።

ጋሽ ገሠሠ ንግሥቲቱን ፈልገው አዲስ ቀፎ ውስጥ አስገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ክላራ ይህን ቆማ አየችና በሙያ ዘመኗ እንዲህ የተሳካ ድርድር እንዳላየች ተናገረች። ድንኳኑ ለመንገድ ሥራው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። መግለጫው በማግስቱ ተሰረዘ፤ ሪፖርቱም ጉዳዩን “ያልታቀደ ልምምድ” አለው። ቅጹ ላይ “አጥቂዎቹ ሰዎች ናቸው?” የሚል ጥያቄ ተጨመረ።

በሚቀጥለው ሥልጠና እትዬ አሰለፈች በአስተማሪነት ተጋበዙ። አንድ ሠልጣኝ፣ ከደካ የመጣ መምህር፣ እጁን አወጣ።

“ደዋዩ የሚለው በደንብ ባይሰማንስ?”

“ደግመህ ጠይቀው” አሉ እትዬ አሰለፈች። “ግን መጀመሪያ መኪናውን አስነሳ።”