የግራ ጆሮዋ ብር

አማቴ ቹሚ ምላሷ ስለት ነበር። አንጥረኛው ልጇ ላፕቺ ሊያገባኝ ሲያመጣኝ፣ ገና ደጃፉን ሳልረግጥ፣ "ይቺ ናት? ነፋስ እንዳይወስዳት ድንጋይ አሸክሟት!" ብላ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችብኝ።

በዚያ ላይ ጉድለት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ የሙሽራ የአፍንጫ ጌጥ ቀኙ ወርቅ፣ ግራው ብር ነው። ወርቁ የፀሐይ ድርሻ ስለሆነ የወንዱ ቤት ያመጣዋል፤ ብሩ የጨረቃ ስለሆነ የሙሽሪት እናት ትሰጣለች። የእኔን እናት ደግሞ በልጅነቴ ጎርፍ ወስዷታል። ብር ከሌለ ሠርግ የለም። ዘመድ አዝማዱ የበቆሎ ጠላውን ትቶ ሊነሳ ሲል፣ ቹሚ የግራ ጆሮዋን የብር ጉትቻ ፈታ ልጇ ፊት ወረወረችው።

"ምን ታፈጥብኛለህ? አቅልጠው እንጂ!"

"እማዬ፣ ጆሮሽስ?"

"ጆሮዬ ለመስሚያ ይበቃኛል።"

ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዋ ባዶውን ቀረ። ስትቆጣኝ እሱን አየውና አፌን እይዝ ነበር። ግን አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብያት አላውቅም፤ አፍር ነበር።

ባለፈው ጨረቃ ቹሚ አረፈች። ስንገንዛት በቀኝ መዳፏ የወርቅ ጉትቻዋን አኖርን። ግራው ላይ ስንደርስ ሁሉም አቀረቀረ። ሟች የሚይዘው የገዛ ራሱን ብር ነው፤ የሰው ብር አይሆንም። ጨረቃ ብሩን አይታ ግራ እጇን ካልያዘቻት ደግሞ ቹሚ ሙታን አገር ሳትደርስ መንገድ ላይ መቅረቷ ነው።

የአፍንጫ ጌጤን አውልቄ ለላፕቺ ሰጠሁት።

"ቁረጠው።"

"አብደሻል እንዴ? ትዳራቸውን ቆረጡት ይሉናል!"

"ይበሉ። ብሩ የማን ነው?"

ላፕቺ የሸምበቆ መንፊያውን አንስቶ እሳቱን ይነፋ ጀመር፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ብሩን መዳፏ ላይ አድርጌ ጣቶቿን አጠፍኩላት። "በሠርጌ ቀን እናት ሆነሽኛል፤ አመሰግናለሁ" አልኳት። ዘግይቼም ቢሆን ማለቴ ልቤን ቀለል አድርጎልኛል።

አሁን ጌጤ ግማሽ ነው። ትናንት ዓሣ ስገዛ ሻጯ አየችኝና፣ "ግማሹን ባልሽ ጠጣበት እንዴ?" ብላ ተሳለቀችብኝ። ቹሚ ብትኖር ልክ ልኳን ትነግራት ነበር።

"የለም፣ እናቴ ይዛው ሄዳ ነው" አልኳት።