ስምንት ጌት ለአንድ አንቴና

ታላቅ ወንድም ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ያልፈታው ራዲዮ፣ አፉም ያልናቀው አዲስ ዕቃ የለም። ያን ቀን ግን እጁ ከዳው። የአባቱን ማሰራጫ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ አንቴናውን ሳይሰካ የመላኪያ ቁልፉን ተጫነ፤ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ሞገዱን የሚያጎለብተውን ትራንዚስተር አቃጠለው። ጀማሪ እንኳ የማይሳሳተው ስህተት! እህቱ ከሥራ ስትገባ «አርጅቶ ነው የተቃጠለው» አላት። አባታቸው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

አባታቸው የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ሕመም ጥሏቸው ምላሳቸው ከተያዘ ወዲህ፣ አንድ ቀን የቀኝ እጃቸው ጣት ብርድ ልብሱን መምታት ጀመረች። ወንድም «መንቀጥቀጥ ነው፤ አባዬ እኮ የለም፣ ሰውነቱ ብቻ ነው ያለው» ሲል፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ ታናሽ እህቱ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠች። ሞርስ ነው፣ በአጭርና በረጅም ምት ፊደል የሚላክበት፤ የምትመታውም የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸውን የራዲዮ መጠሪያ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሰውየውን በስልክ ፈልጋ አገኘቻቸው። ባሕር ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገ ልጃቸው ቤት ስለሚገቡ አንቴናቸውን ያወርዳሉ። «ዛሬ አስር ሰዓት ላይ እጠብቀዋለሁ» አሏት። አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ትራንዚስተሩ ደግሞ በከተማው ተፈልጎ አልተገኘም።

እህት ከመሳቢያዋ አንድ ጥቁር ቺፕ አወጣች። በውስጡ ስምንት ሎጂክ ጌት፣ የኮምፒውተር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በሮች፣ አሉ።

«ሚጣ፣ ትቀልጃለሽ? ይሄ እኮ ከአዎና ከአይ በቀር የሚያውቀው የለም! እሱ ነው አንቴና የሚነዳው?»

«ጋሼ፣ ሞርስስ ከመብራትና ከመጥፋት ሌላ ምን ያውቃል?»

የስምንቱን መግቢያ ባንድ፣ መውጫቸውንም ባንድ በየደችው። «አንዱ ብቻውን አቅም የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?» አለችው። ከጌቶቹ የሚወጣው ሞገድ እንደ ደረጃ ስል ማዕዘን ያለው ነው፤ እንዲሁ ቢለቀቅ የሌላውን ሁሉ ጆሮ ይረብሻል። በእጇ በጠመዘዘቻቸው ጥቅል ሽቦዎች አሳልፋ አለሳለሰችው። ቺፑ ሲግል ጀርባው ላይ ሙቀቱን የሚስብ የመዳብ ቁራጭ ለጠፈችለት። ወንድም የኃይል መለኪያውን አየ፤ መርፌው ተነሥቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅናት ይቆነጥጠው ነበር፤ ያን ሰዓት ግን አፉን ከፍቶ አደነቃት። አንቴናውን ራሱ ሰካው፤ ሳብ ሳብ አድርጎም አረጋገጠ።

አስር ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ከአባታቸው ጣት ሥር አደረጉት። ያቺ ጣት ተነሣች፤ መታች። ከራዲዮው ጫጫታ ብቻ ተሰማ። እንደገና መታች። ከጫጫታው መሀል ቀጭን መልስ መጣ፤ እህት አለቀሰች።

«ምልክትህ ደካማ ነው፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል» አሉ ሽማግሌው በሞርስ። «በምንድን ነው የምታሰራጨው?»

ጣቲቱ ቀስ እያለች መለሰች፤ ወንድም ፊደል በፊደል እየለቀመ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። «በኮምፒውተር ቺፕ። ልጄ ሠራችው። ድንቅ ናት።» ጣቲቱ መምታቷን ቀጠለች። «ደህናውን ማሰራጫ ወንድሟ አቃጠለው። አንቴና ሳይሰካ።»

እህት ዞራ አየችው። ወንድም መሬቱ ቢሰነጠቅለት ይገባ ነበር፤ ግን ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። ተንበርክኮ ያቺን ጣት ሳማት።

«ሚጣ» አለ፣ «አባዬ አለ! እዚሁ ነው ያለው!»