የካርቡራተር ምርቃት

ሕጉን ያረቀቀው ነቢዩ ራሱ ነበር። አቃቂ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የሞተር መምህር ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሠፈሩ ጁስ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የፎርሙላ ዋንን ውድድር ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው በጽሞና ይከታተላል። ልቡን የሚስበው ግን ከመኪኖቹ ፍጥነት ይልቅ ሕጋቸው ነበር፤ በተለይም «የወጪ ጣሪያ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ደንብ። ባለጠጋው ቡድን በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሌላውን እንዳይረታ፣ ማንም ከተወሰነለት በላይ ለመኪናው እንዳያወጣ የሚከለክል ሕግ! «ፍትሕ በሒሳብ ተጽፎ ማየት ከፈለጋችሁ ይኸው» እያለ ተማሪዎቹን ሲያስተምር ድምፁ በስሜት ይቀጥን ነበር።

ስለዚህም የአካባቢው ጋራዦች ከኮሌጁ ጋር ተባብረው፣ በባጃጅ ሞተር የሚሄዱ ባለአንድ መቀመጫ የውድድር መኪኖች ለመሥራት በተስማሙ ጊዜ ደንቡን የማርቀቁ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ሞተሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሲሊንደሩን ማስፋትም ሆነ ፒስተኑን በትልቅ መተካት ክልክል ነው። ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተርና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ግን፣ ጠቅላላ ወጪው ከጣሪያው እስካላለፈ ድረስ፣ የፈለገ ሊቀይር ይችላል። ደንቡ በተነበበበት ስብሰባ እጇን ያወጣችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሥርጉት፣ የቀድሞ ተማሪው፣ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግርጌ የራሷን ጋራዥ ከፍታ የምትሠራ።

«መምህር፣ ምርቃትስ? ዕቃ ስንገዛ ነጋዴው የሚመርቅልን ነገር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?»

አዳራሹ ሳቀ። ነቢዩም ሳቀ። በውጭዎቹ ሕግ በነጻ የተገኘ ዕቃ እንኳ በገበያ ዋጋው እንደሚታሰብ አሳምሮ ያውቃል። ዳሩ ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገር አፉ ላይ መጣለት፤ ያማረ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፈው ነበር።

«የእነሱ ነጋዴ አይመርቅም፣ ሥርጉት፤ የእኛ ይመርቃል። እኛ ምርቃትን በዋጋ አንተምንም!»

ተጨበጨበለት። ሥርጉትም ፈገግ ብላ ተቀመጠች።

የውድድሩ ቦታ ሥራ ያቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ ነበር። መጋዘኖቹን የሚዞረው አስፋልት እዚህም እዚያም ቢሰነጠቅም፣ ከባቡር ሐዲዱ አጥር ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው ቀጥታ ክፍል መኪና የሚያስሮጥ ነው። ከውድድሩ በፊት በነበረው ልምምድ ነቢዩ ከተማሪዎቹ ጋር ለኮሌጁ የሠራው መኪና መታጠፊያዎቹን እንደ ድመት ይዞራል፤ ቀጥታው ላይ ሲደርስ ግን የሥርጉት መኪና እያፏጨ ያልፈዋል። ነቢዩ ጣሪያው የፈቀደለትን ሁሉ መኪናውን ለማቅለል ስለ ጨረሰው ለሞተሩ የሚያውለው አልቀረውም። ሞተሩ በጠባብ ካርቡራተር እየተነፈሰ፣ አፍንጫውን ተይዞ እንደሚሮጥ ሰው ያለከልካል። መሸነፍን ሊታገሠው ይችል ነበር፤ ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ራሱ ባስተማራት ልጅ መሸነፉን ግን ማሰብ እንኳ አልቻለም።

በማግስቱ ወደ ሳሪስ አቦ ሄደ። ሐጂ አብዱሰመድ በዚያ የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ከወሎ መጥተው በንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። ልጃቸው ነጅላ በኮሌጁ የነቢዩ ተማሪ ስለ ነበረች፣ ባዩት ቁጥር ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነው የሚቀበሉት። የፍሪሲዮን ሸራና አንድ የትልቅ ሞተር ሳይክል ካርቡራተር አስወጣ፤ የሁለቱንም ዋጋ ከገዛ ደመወዙ ከፈለ። ከዚያም ዓይኑን ከመደርደሪያው ላይ ሳያነሣ እንዲህ አለ፦

«ሐጂ፣ ደረሰኙ ላይ ሸራው ብቻ ይጻፍልኝ። ካርቡራተሩን… መረቁልኝ እንበል።»

ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱት። «እንበል?»

«ለወጉ ያህል ነው፤ ለውድድሩ።»

«አጃኢብ! እኔ ሳልመርቅ የተመረቀ ሰው» አሉ ሐጂ። ሳቁ፣ ሳቃቸውም ቶሎ አለቀ። ደረሰኙን እንደ ጠየቃቸው ጻፉለት። መምህርን ሁለት ጊዜ መጠየቅ አልለመዱም።

የነቢዩ መኪና አሸነፈ። ተማሪዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው ግቢውን አዞሩት። ሽልማቱ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት ያቀረበው ቶርኖ ነበር፤ ሥርጉት ብረት ለማስጠረብ በየሳምንቱ ከቱሉ ዲምቱ አቃቂ ድረስ በሚኒባስ የምትጓጓዝለት ማሽን። ኮሌጁ ግን ያለውንም ቶርኖ በቅጡ አልተጠቀመበትም፤ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ነቢዩ ይህን ያውቅ ነበር፤ በተማሪዎቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያስታውሰው ግን ሐሳቡን ገፋ አደረገው።

ሥርጉት የነቢዩ መኪና ሞተር እንዲታይላት ጠየቀች። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዱጉማ ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ በአቃቂ ሠፈር ዕርቅ ያለ እሳቸው የማይጠና። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህ ካርቡራተር የባጃጅ አይደለም፣ ጋሽ ዱጉማ» አለች ሥርጉት። «በዚህማ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። መቀየሩን ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ የምለው ዋጋው ጣሪያውን ቀዶ ይወጣል ነው።»

«ምርቃት ነው» አለ ነቢዩ።

«ምን ሲገዙ የተመረቀ?» አለች።

«የፍሪሲዮን ሸራ።»

ሥርጉት ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ላም ሲገዙ ገመድ ይመረቃል። ገመድ ገዝቶ ላም የተመረቀለት ግን ከመምህር በቀር አላየሁም!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «መምህር፣ ሱቁን ጠቁሙን እንጂ፤ እኛም ገመድ እንግዛ!» አለ አንድ መካኒክ ከኋላ።

«ሳቁን ተዉት» አሉ ጋሽ ዱጉማ። «መምህር ምርቃትን በዋጋ አንተምንም ያሉ ጊዜ ሁላችን አጨብጭበናል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ ይጠየቅ።»

ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ተደወለላቸው። ሐጂ አብዱሰመድ ከአስር ሶላት በኋላ በባጃጅ መጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ወረዱና ካርቡራተሩ ያለበት መኪና ፊት ቆሙ። ያ ሁሉ ተማሪ አስፋልቱ ዳር ተኮልኩሎ፣ ሞባይሉን ደቅኖ ይጠብቅ ነበር።

«ሐጂ፣ ይህንን ዕቃ ለመምህር ሸጡላቸው ወይስ መረቁላቸው?» አሉ ጋሽ ዱጉማ።

ሐጂ ወደ ነቢዩ ተመለከቱ። በዓይናቸው ቁጣ አልነበረም። በመንገድ ላይ ልብሱ ወልቆ የቆመ ሰው ያየ ጨዋ እንደሚያደርገው፣ ጥቂት ብቻ አይተው ፊታቸውን መለሱ።

«መርቄለታለሁ» አሉ።

ሥርጉት አንገቷን ደፋች። «ሐጂ ካሉማ አበቃ። የእሳቸውን ቃል አልጠራጠርም።» ሽልማቱ በመጪው እሑድ እንዲሰጥ ተወስኖ ሰዉ ተበተነ።

በማግስቱ ሐጂ ነቢዩን ወደ ሱቃቸው አስጠሩት። በዚህ ጊዜ ከመቀመጫቸው አልተነሡለትም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከመሳቢያቸው አውጥተው ፊቱ አኖሩ።

«ምንድን ነው፣ ሐጂ?»

«የካርቡራተሩ ዋጋ። ውሰደው።»

«ለምን? ሸጠውልኛል እኮ!»

«እኔ የሸጥሁልህ የለም። ትናንት በሰው ፊት መርቄለታለሁ ብያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሸንጎ ፊት ቆሜ ዋሽቼ አላውቅም፤ ካልዋሸሁ መርቄልሃለሁ ማለት ነው። የመረቅሁትን ዕቃ ዋጋ ኪሴ ይዤ ልደር?»

«አልወስድም፣ ሐጂ። ይህን አላደርግም።»

«ካልወሰድኸው ዋሾ ሆኜ እቀራለሁ። እንዲያ አድርገህ ታስቀረኛለህ?»

ነቢዩ ብዙ ያነበበ ሰው ነበር፤ ሰዎች ስለ ክብርና ስለ ኀፍረት የጻፉት ሁሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ በጎማና በዘይት ሽታ መካከል፣ አንድም ቃል አላዋሰውም።

«ለምን እውነቱን አልነገሩብኝም?»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጄን አስተምረህልኛል። ያ ሁሉ ተማሪህ ቆሟል። መምህርን በተማሪው ፊት ማራቆት፣ ወላሂ፣ አቃተኝ። ይኸው ነው። በል አብሽር፤ ሂድ ወደ ሥራህ።»

ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ ወጣ። የተመለሰለት ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖበት፣ በሚኒባሱ መስኮት በኩል የቃሊቲን አቧራ እያየ ነገሩን በልቡ ይገለብጥ ጀመር። ዋሽቶ ነበር፤ አሁን ግን ውሸቱ እውነት ሆኗል። ካርቡራተሩ በእርግጥ ምርቃት ነው፤ ሽማግሌው ከገዛ ኪሳቸው ከፍለው ምርቃት አድርገውታል። ወጥቶ «ዋሽቻለሁ» ቢል የሚያዋርደው ራሱን ብቻ አይደለም፤ የሐጂንም ቃል ሐሰት ያደርጋል። ዝም ቢል ደግሞ ቶርኖው ሸራ ለብሶ ከሌላው ሸራ ለባሽ አጠገብ ይቆማል። የተሸሸገበት ጥላ ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ የሠራለት ጥላ ነበርና ቀና ባለ ቁጥር የሚነካው የዚያን ሰው ደረት ነው።

እሑድ ሁሉም በፋብሪካው ግቢ ተሰበሰበ። ሐጂ አብዱሰመድም በክብር ተጠርተው ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል። ጋሽ ዱጉማ ስሙን ሲጠሩ ነቢዩ ወደ ሽልማቱ ሳይሆን ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደ።

«በደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር እጠይቃለሁ» አለ። «በምርቃትም ሆነ በስጦታ የተገኘ ዕቃ በገበያ ዋጋው ከጣሪያው ይታሰብ። መጀመሪያ የሚሠራውም በእኔ መኪና ላይ ይሁን።»

ማጉረምረም ተሰማ። ጋሽ ዱጉማ እጃቸውን አነሡ። «ተው እንጂ ልጄ! ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም። ያን ጊዜ ያልነበረ አንቀጽ እንዴት ይፈርድብሃል?»

«ነበር፣ ጋሽ ዱጉማ። በውጭዎቹ ደንብ ላይ አንብቤዋለሁ። አውቄ የዘለልሁት እኔ ነኝ። ሥርጉት ስትጠይቀኝ በቀልድ መለስኋት፤ ከዚያም በቀልዴ ተጠቀምሁበት። መኪናዬ ከጣሪያው በላይ ነው። ቶርኖው የሥርጉት ነው።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ከእውነቱም ሊናገረው የሚችለው ይህን ብቻ ነበር። ያፏጩብኛል ብሎ ጠበቀ። ተማሪዎቹ ግን አንድ በአንድ እየተነሡ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባው ካሸነፈበት ቀን ይልቅ በረታ። «መምህር ማለት ይህ ነው!» አለ ያ ገመድ እንግዛ ያለው መካኒክ።

ሥርጉት ወደ እሱ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። የላሟን ቀልድ ቀለድሁ እንጂ በልቤ ያሰብሁት ከዚያ የከፋ ነበር። ገዝተው የዋሹ መስሎኝ ነበር። ኀፍረቴ ነው።»

«ይቅርታ አትጠይቂኝ!» አላት። ድምፁ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሥርጉት ደነገጠች፣ ከዚያ ትሕትና መሰላትና እጁን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

ነቢዩ አፉን ከፈተ። ትከሻዋን አልፎ የኋላውን ረድፍ አየ። ሐጂ አብዱሰመድ ሙስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ጣታቸው ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ነቢዩም አፉን ዘጋ። እጁን ከሥርጉት እጅ ማላቀቅ እንኳ አልቻለም።

«በሉ፣ ከመበተናችን በፊት ሐጂ ይመርቁን» አሉ ጋሽ ዱጉማ።

ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ሐጂ ቀስ ብለው ተነሡ።

«አላህ እጃችሁን ይባርክ።»

«አሜን!»

«የሠራችሁትን ለቁም ነገር ያድርስላችሁ።»

«አሜን!»

ሙስበሃቸውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። «ገበናችሁን ይሸፍንላችሁ።»

«አሜን!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

የነቢዩም መዳፎች እንደ ሌላው ሰው ተዘርግተው ነበር። የጋዜጣው ጥቅል ኪሱ ውስጥ ጭኑን ይጫነዋል። የእሱ አሜን ግን ከሁሉም ዘግይቶ፣ ለብቻው ወጣ፤ ከፊት የነበሩት ዘወር ብለው አዩት።