ከክሬኑ በታች የሬዲዮ አያያዝ

4.

አንቴናውን ይዘህ ሬዲዮውን አታንጠልጥል። ዶሮ አይደለም።

1.

ከአራት የጀመርኩት መቁጠር ጠፍቶኝ አይደለም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ዎኪቶኪ አንቴናው ተገንጥሎ ተመለሰልኝ፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ማንያህልሻል እባላለሁ። የዚህ ሕንፃ ሥራ ስቶር በእኔ እጅ ነው፤ ሬዲዮዎቹን ማታ ቻርጅ የማደርገውም ጠዋት የማድለውም እኔው ነኝ። የሳይቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ፍሬው ለአዲስ ሠራተኞች የሬዲዮ አጠቃቀም መመሪያ በአንድ ገጽ እንድጽፍ አዘዘኝ። አጭር ይሁን አለ።

አጭር።

እኔን።

2.

መጀመሪያ ማንን እንደምትጠራ በል፣ ቀጥሎ አንተ ማን እንደሆንክ። ቁልፉን ተጫን። አንድ ትንፋሽ ጠብቅ። ከዚያ ተናገር። እንደተጫንክ ከተንጣጣህ የመጀመሪያው ቃልህ አየር ላይ ሳይወጣ ይቀራል። ስትጨርስ «ጨርሻለሁ» በልና ጣትህን አንሳ።

ሬዲዮውን ከአፍህ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው። አትጩህ። ክሬኑ ላይ ያለችው ሴት ሩቅ ናት እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው።

3. ክሬኑ ላይ ያለችው ሴት

ትርሲት ትባላለች። ጠዋት መሰላሉን ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። በመሐል አትወርድም ነበር። መንጠቆው ከሕንፃው ጀርባ ሲገባ አይታያትም፤ የት እንደደረሰ፣ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚነግራት ከታች የቆመው ይመር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዎኪቶኪ ብቻ ነው።

ይመር ወሎዬ ነው። ይህን የምጽፈው ለሐሜት አይደለም። ለመመሪያው ያስፈልጋል።

5. የይመር ሰላምታ (ስቶር ቁጭ ብዬ እንደሰማሁት)

ይመር፦ ትርሲት፣ ይመር ነኝ። እንዴት አደርሽ?

ትርሲት፦ ደህና፣ ተመስገን።

ይመር፦ ደህና ነሽ ወይ? እናትሽ ደህና ናቸው? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሰላም ነው?

ትርሲት፦ ይመር፣ እኔ ያለሁት ክሬን ላይ ነው። የምን ከብት?

ይመር፦ የለሽም እንዴ? አላህ ይስጥሽ።

6. አንዱ ሲናገር ሌላው አይገባም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እስከያዘ ድረስ በዚያ ቻናል ሌላ ማንም መናገር አይችልም። ባለፈው ወር ከምሳ መልስ፣ ጭነቱ እየዞረ ሳለ፣ ይመር ቁልፉን ጨብጦ የትርሲትን አጎት ጤና ይጠይቃል። ፎርማኑ በሬዲዮው «ቁም! ቁም!» ቢል ማን ይስማው። የፌሮው ጥቅል ዞሮ የውሃ ታንከሩን ደረመሰው። ሰው አልተጎዳም፤ ፎርማኑ ግን እስከ ካልሲው ራሰ።

በማግስቱ ኢንጂነር ፍሬው ወረቀት ለጠፈ፦

በሬዲዮ ሰላምታ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ልክ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ የማን ባትሪ ነው የሚያልቀው?

7. ከክልከላው በኋላ

ዝቅ።

ዝቅ።

ቁም።

ጨርሻለሁ።

ሥራው ፈጠነ። ይመር ገበያ እንደፈረሰበት ነጋዴ አኩርፎ ሰነበተ። እኔም፣ ምን ልደብቅህ፣ የከብቱ ወሬ ናፈቀኝ።

8. የሶሌታው ቀን

ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ነበረች። ከታች ሰዎች ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል ኮንክሪት፣ ይሞላሉ፤ ትርሲት የፌሮ ጥቅል ከፍ አድርጋ ይዛለች። ይመር «ቀኝ» ሲላት ቆይታ ሄደች። «ቁም» ሲላት አልፋ ቆመች። ትርሲት እንዲህ አይደለችም።

ኢንጂነር ፍሬውም ታዝቦ ኖሮ በደንቡ መሠረት ጠራት፤ ደህና መሆኗን ጠየቃት። ደህና ነኝ፣ ጨርሻለሁ አለች። በደንቡ ነገሩ አለቀ።

አንተ ግን የዚህ አገር ሰው ነህ፤ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» ወግ ነው፤ እግሩ የተሰበረም ይለዋል። ሁለተኛው ለፈጣሪ ነው። ሰው ሕመሙን የሚናገረው፣ ከተናገረም፣ ሦስተኛው ላይ ነው።

ይመር ቁልፉን ተጫነ።

ይመር፦ ትርሲት፣ ይመር ነኝ። እንዴት ዋልሽ?

ትርሲት፦ ደህና።

ኢንጂነር ፍሬው፦ ይመር፣ ሰላምታ ክልክል ነው ተብሏል።

ይመር፦ ደህና ነሽ ወይ?

ትርሲት፦ ተመስገን።

ይመር፦ ትርሲት። እህቴ። ደህና ነሽ ወይ?

 



 

ትርሲት፦ አይ፣ ይመር። ዓይኔ እየጨለመብኝ ነው።

9.

«እጅሽን ከእጀታው አንሺ» አላት ይመር። ክሬኑ እጅ ሲለቀው ባለበት ይቆማል። «ወለሉ ላይ ቁጭ በይ። ከታች ሰው የለም።» ሰው ነበረ፤ በሌላው እጁ እያባረራቸው ነበር። ይህን መመሪያው ውስጥ አላስገባም።

ይመር እንዲህ አጥሮ ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ፈራሁ።

ለካ ትርሲት ውሃ አትጠጣም ኖሯል። ከጠጣች መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ያንን ሁሉ መሰላል መውረድ አለባት፤ ሥራ እንዳይቆምባት ስትል ደርቃ ትውላለች። ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም።

ኢንጂነር ፍሬው አንድ ጠርሙስ ውሃና የእኔን ሬዲዮ ይዞ ራሱ ወጣ። ደረሰ። ተጫነ፣ አንድ ትንፋሽ ጠበቀ፣ መድረሱን ነገረን። ከዚያ ጣቱን ማንሳት ረሳ። እንዴት እንደሆነች ሲጠይቃት፣ ደህና ነኝ ስትለው፣ እንደገና ሲጠይቃት፣ እንደገና ሲጠይቃት፣ ሳይቱ ሙሉ ሰማ። ቻናሉን ልቀቅ ያለው የለም። ይመር ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

አሁን ቀን ላይ ትርሲትን የሚተካ ሰው አለ። ወርዳ ውሃዋን ትጠጣለች፤ ይመርንም በአካል ትሰድበዋለች።

10.

ኢንጂነር ፍሬው የለጠፈውን ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «የተከለከለ ነው» የሚለውን ሰርዞታል፤ በምትኩ ምንም አልጻፈም። አንቺ ሙዪው አለኝ።

በሬዲዮ ሰላምታ ፈጽሞ ____________________

ሳስብበት ሰነበትኩ። «ይፈቀዳል» ብል ይመር ነገ ከብቱ ላይ ይደርሳል፤ ታንከሩ ደግሞ አዲስ ነው። «ይከለከላል» ልበል ብል እጄ እምቢ አለ።

11. ሙከራ

ሬዲዮህን ስትረከብ ከስቶር እጠራሃለሁ። ባትሪውን እይ። አንቴናውን አትንካ። አንቺም ከሆንሽ ቁልፉ ያው ነው።

«አዲሱ፣ ማንያህልሻል ነኝ። እንዴት ነህ? ጨርሻለሁ።»

____________________

«ደህና ነህ ወይ?»

____________________

ተጫን። አንድ ትንፋሽ ጠብቅ። እኔ ጣቴን አንስቻለሁ፤ ቻናሉ ያንተ ነው።

«ወንድሜ። ደህና ነህ ወይ?»