ሦስተኛው ዕጩ

የሻው ያንን ቀን ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል።

በንጉሡ ጊዜ፣ በስልሳ አምስት ዓ.ም.፣ ሞጣ ላይ ለፓርላማ እወዳደራለሁ ብሎ ተነሥቶ ነበር። መዝጋቢው ደምለው የሚባል፣ ስምንተኛን የጨረሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ እግር ነበር። «የማይንቀሳቀስ ንብረትህ ስንት ያወጣል?» አለው። የሻው የነበረው የእናቱ ጓሮ ነው። ደምለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ስሙን ሰረዘና «የሚቀጥለው!» አለ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

የሻው ያንን ሳቅ ተሸክሞ ቢቸና ገባ፤ ወለተ ሐናን አገባ፤ መሬት ሲታወጅም የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። ደምለውም ተዛውሮ መጣ። እንዲህ ያለው ሰው መንግሥት ቢወድቅ እሱ አይወድቅም። አሁን ካኪ ለብሶ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ጓድ ደምለው ነው።

በሰባ ዘጠኝ ግንቦት ለብሔራዊ ሸንጎ ዕጩ ሲጠቆም፣ ለአንዱ መቀመጫ ሦስት ሰው ይቅረብ ተባለ። ሁለቱ ቦታ ወዲያው በቢሮ ሰዎች ተያዘ። አንድ ቦታ ቀረች።

ሽማግሌው ወልደ ኪዳን ከገበሬዎቹ መካከል ተነሡ። «እኛ የምንለው የሻውን ነው። ድንበር ሲገፋ የዳኘን፣ ማዳበሪያው ሲዘገይ ደብረ ማርቆስ ድረስ የተመላለሰልን እሱ ነው።»

ቤቱ አጨበጨበ። የሻው ተነሥቶ ቆመ። ባገሩ ወግ ሰው ለክብር ሲጠራ አንድ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ይለመናል፤ ደግሞ እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሹመት የራበው ይባላል።

«እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም» አለ። «ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ነው። ከእኔ የተሻለ ሞልቷል፤ እሱን ምረጡ።»

ተቀመጠና ጠበቀ። ወልደ ኪዳን ሊለምኑት ጋቢያቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ አይቷል።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ይርጋለም ግን ካዲስ አበባ ከመጣ ሳምንቱ ነው። እርሳሱ ቀደማቸው። «የጓድ የሻው ፈቃድ ይከበራል። ተሰርዟል። ሌላ ጥቆማ?»

«ኧረ ጓድ!» አሉ ወልደ ኪዳን። «እምቢ ያለው እኮ ለወጉ ነው! ልንለምነው ነው!»

«አባት፣ እዚህ ልመና የለም። ከፈለገ ራሱ ተነሥቶ እፈልጋለሁ ይበል።»

ዓይን ሁሉ ወደ የሻው ዞረ። አማቾቹ በተቀመጡበት እኔን ምረጡ ይበል? እሱ ሲያመነታ ከፊት ወንበር አንዱ ካኪ ለባሽ «ጓድ ደምለው!» ብሎ ጠቆመ።

ደምለው ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። «ጓዶች፣ እኔ እንኳ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም። ከእኔ የተሻለ ጓድ አይጠፋም።»

የሻው የካድሬውን እርሳስ አየ። ሰርዘው፣ አለ በሆዱ። ሰርዘው!

ካድሬው ፈገግ አለ። «የጓድ ደምለው ትሕትና ለሁላችንም ትምህርት ነው» አለና ስሙን ጻፈ።

«እፈልጋለሁ!»

የሻው መቆሙን እንኳ አላወቀም። «እኔም እፈልጋለሁ! ምረጡኝ! ሞጣ ላይ ተሰረዝኩ፣ እዚህም ተሰረዝኩ። የእሱ እምቢታ ትሕትና፣ የእኔ እምቢታ ፈቃድ የሆነው በየትኛው መመሪያ ነው?»

«ውይ፣ ባፉ ለመነ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ደምለው ዞር አለ። «አያ የሻው፣ ረጋ በል እንጂ። ድግስ አደረግኸው? ይደርስሃል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «መልካም፣ ስሙ ተመልሷል። በእጅ ይለይ። የሻውን የሚደግፍ?»

የሻው ወልደ ኪዳንን አየ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው መሬት መሬት ያያሉ።

«እርስዎም?»

«ምነው ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «ትንሽ ብትታገሠን እኛው እናስመልስህ ነበር። አሁን እጄን ባወጣ፣ ሹመት የራበውን መረጡ ይለናል አገሩ።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እጅ ብቻ ወጣች። ወለተ ሐና ናት። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ እጇ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አንድ» አለ ካድሬው።

«አውርጂው» አላት የሻው።

«አላወርድም» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «ቆጥረው ይጨርሱ።»

ካድሬው ግን ጨርሶ ነበር። «ጓድ ደምለውን የሚደግፍ?» አለ። አዳራሹ ሙሉ እጁን አነሣ፤ ካድሬውም ከዳር ጀምሮ በእርሳሱ ጫፍ እየጠቆመ ሲቆጥር ወለተ ሐና ዘንድ ደረሰ፤ ያልወረደች እጇን ለደምለው ቆጥሮ አለፈ።