ከጁፒተር ስበት የተረፈው

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር አስማማውን ሳይፈራ ፊዚክስ ተምሮ የተመረቀ የለም። ሰውየው ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ስንቱን በአንዲት የነጥብ ስህተት አስለቅሶ ሰዷል። የሰው ስህተት ለማየት ዓይኑ የንስር ነው፤ የራሱን ለማየት ግን እንደ ሁላችንም ነው።

ከመንጌ ወረዳ የመጣው ልጅ ሙዐዊያ የመመረቂያ ጥናቱን በእሱ አማካሪነት በጁፒተር ስበት ላይ ይሠራ ነበር። መንኮራኩር በጁፒተር አጠገብ ስታልፍ ፕላኔቱና ጨረቃዎቹ ይጎትቷታል፤ ፍጥነቷ ሲለወጥ ወደ ምድር የምትልከው የሬዲዮ ምልክትም ይለወጣል። ሙዐዊያ ከዚያ ለውጥ ላይ መጀመሪያ የጁፒተርን፣ ቀጥሎ የየጨረቃውን ስበት ይቀንሳል። ሁሉም ሲቀነስ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መቅረት አለበት። የእሱ መስመር ግን ጎበጠ።

እየፈራ ወደ አስማማው ቢሮ ገባ።

«መምህር፣ ይሄ ከቅነሳው የተረፈው መስመር አልቃና አለኝ» አለው። «ካሊስቶ የሚባለው ጨረቃ ቦታው ላይ የለም መሰለኝ። ወላሂ ምንም አልነካሁም።»

አስማማው ጨረቃ ከቦታዋ አትጠፋም፣ የሚጠፋው የተማሪ ልብ ነው ብሎ ተሳለቀበት። ከዚያ አስተካክለህ ና ብሎ አሰናበተው።

ልጁ ሲወጣ ግን አስማማውን አንድ ነገር ቆረቆረው። ልጁ የሚቀንስበት የኮምፒውተር ፕሮግራም የራሱ የአስማማው ነው፤ ማስተርሱን ያገኘበት። ከፍቶ አየው። የመንኮራኩሯን ምልክት በዓለም አቀፍ ሰዓት አስገብቶ፣ የካሊስቶን ቦታ ሲሞላ ልማድ ሆኖበት በሀበሻ ሰዓት ቆጥሮታል። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ማለዳ የሆነው ስድስት ሰዓት ለእሱ እኩለ ቀን ነበር። ያኔ የያዘው መረጃ ጥቂት ስለነበር ጉብጠቱ ሳይታይ አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አብሮት ዋለ፣ አብሮት አደረ። ጥናቱን ሊገመግም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈታኝ ያንን መስመር አንድ ጊዜ ካየ አበቃ፤ ዲግሪውም ሥራውም ይሄዳል፣ ያስለቀሳቸው ልጆች ይስቁበታል። እህል አልወርድ ሲለው ሚስቱ ብርሃነሽ ወባው ተነሳብህ እንዴ አለችው። በመጨረሻ ቆረጠ፤ ሰው ሳያጋልጠው ፈታኙ ፊት ራሱ ይናገራል።

ጥናቱ በሚቀርብበት ቀን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ነበር። ሙዐዊያ ፕሮጀክተሩን አበራ። መስመሩ ቀጥ ብሏል።

አስማማው ወዲያው ገባው። በመስመሩ መሃል ክፍተት አለ፤ ልጁ የጎበጡትን ነጥቦች አጥፍቷቸዋል። ፈታኙ ግን እንዲህ የጠራ ሥራ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ እያለ ያመሰግናል። አሁን እውነቱን ቢናገር ሙዐዊያ መረጃ አጭበርብሯል ተብሎ ይባረራል፤ ዝም ቢል ውሸቱ የሁለት ሰው ይሆናል። መድረኩን የምትመራው ሰብሳቢ አማካሪው የሚሉት ካለ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«የለኝም» አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። በሩ ላይ ሙዐዊያ የአስማማውን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«የሰዓቱን ስህተት አይቻለሁ መምህር። የእርስዎ መሆኑን አውቄ ነው ነጥቦቹን ያጠፋሁት። አይፍሩ፣ ለማንም አልናገርም።»

አስማማው እጁን ሊያስለቅቅ ፈለገ። ልጁ ፈገግ እንዳለ ገና ይዞት ነበር።