ጉበት ጋ የማይደርስ መርፌ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬአለሁ፤ ሲወፍር፣ ሲከሳ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ሊያታልለኝ ሲሞክር አይቻለሁ። የልጅ ቁመት ባለበት ሲቀር ያየሁት ግን በገዛ ልጄ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የጨመረችው አንድ ጣት አይሞላም። የወር አበባም አላየችም። የክፍሏ ልጆች ጩጬ ይሏታል። እሷ ትስቃለች፣ የእኔ ቆሽት ያርራል። የእሷ ቆሽት ደግሞ ገና በስድስት ዓመቷ ሥራ ስላቆመ በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ጠዋትና ማታ እኔ እወጋታለሁ፣ ትምህርት ቤት ስትሆን ራሷ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የትልቅ ሰው ነው። ስኳሯ ያን ያህል ሳይከፋ ለምን አታድግም ብዬ ስነዘንዛት፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች ወረቀት ላይ ሆድ ሳለችልን። በጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ከቆሽት እንደወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው አለችን። ጉበትም እሱን ሲያገኝ አጥንት የሚያሳድግ ሆርሞን ይሠራል። ከቆዳ ሥር የተወጋው ግን መላ ሰውነትን ዞሮ፣ ለሁሉም ተዳርሶ፣ ጉበት ጋ የሚደርሰው ሳስቶ ነው። ያኔ ጉበት ሥራው ይቀንሳል፤ ጭንቅላት ደግሞ የራሱን የእድገት ሆርሞን እያበዛ ከላይ ያዛል፣ ስኳሩንም ያስቸግራል። ገባኝ። እኔም ክር ሳልሰጥ ሠራተኛዬ ላይ ብጮህ ሸሚዝ አይወጣም።

ሆስፒታሉ ጥናት ሊጀምር ነበር። ቀጭን ቱቦ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ኢንሱሊኑ በዚያ ሲፈስ ጉበት ቀድሞ ያገኘዋል። ቁመት ይጨምራል ብላ ቃል አልገባችልኝም፤ የሚያጠኑት ይህን ለማወቅ ነው። የልጄ የእጅ አንጓ ራጅ ግን አጥንቱ ገና እንዳልተዘጋ አሳይቷል፤ እስኪዘጋ የቀረው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ስሟ ተጻፈ። የምትጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሦስት ወር ግን ስኳሯ ወርዶ ራሷን መሳት የለባትም።

ስድስት ሳምንት መጠበቅ አቃተኝ። ጨርቅ ሲያጥር ሌላ እንቀጥልበታለን፤ የማውቀው ይህንን ነው። መንገድ ላይ የሚባክን ከሆነ አብዝቼ ብልክ የተረፈው ይደርሳል አልኩ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ዩኒት እጨምርላት ጀመር። ስኳሯ እንዳይወርድ ቁራሽ ዳቦም ጨመርኩላት፣ ብልህ መሆኔ ነው።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው፣ ከትምህርት ቤት ሱቄ መጥታ የሸሚዝ ቁልፍ እየለየችልኝ እጇ ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል በስፌት መኪናውና በመተኮሻ ጠረጴዛው መካከል ወድቃለች። ላብ አጥምቋታል፣ ጥርሷ ገጥሟል። ስኳር በውኃ አርሼ በጣቴ ጉንጯ ውስጥ ማሸት ያዝኩ፤ እያሸሁ ያልማልኩት መሐላ አልነበረም። ዓይኗን ስትገልጥ ግን መጀመሪያ የነገርኳት ለማንም እንዳትናገር ነው። አፍራለሁ፣ ግን ያደረግኩት ይህንን ነው። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ጭማሪውን ተውኩ።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አንስታ መጠየቅ ጀመረች። ራሷን ስታ ታውቃለች ወይ ስትለኝ፣ ኧረ በጭራሽ አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

ልጄ ጫማዋ ላይ አቀረቀረች።

«ሁለቴ ወድቄአለሁ» አለች።

እኔ የማውቀው አንዱን ነው።

«አንዴ ሱቅ፣ አንዴ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ። ጓደኛዬ ናት ያገኘችኝ። እማ ጠዋት ስትጨምር አይቻት ነበር። እኔም ምሳ ላይ እጨምር ነበር። ሁለታችንም ከጨመርን ቶሎ ይደርሳል ብዬ ነው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለታችንንም አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ፣ ቀጣዩ ዙር ከዓመት በኋላ እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችን። ዓመት። የሐኪሟን እጅ ይዤ ለመንኳት። ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም፣ ዋሽታ ነው አልኩ። የገዛ ልጄን ፊቷ ላይ ውሸታም አደረግኳት።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ፣ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት፣ እንዲህ ስንደክም ኖረን ለምን ተናገርሽ አልኳት።

«ቱቦው ሲገባልኝም ትጨምሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች።

እውነቷን ነው፤ እጨምር ነበር። አሁን መርፌዋን የምትሞላው ራሷ ናት፣ ጠዋትም ማታም። ልርዳሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ መርፌውን ወደ ደረቷ ታስጠጋዋለች።